አማቴን ያልጠየቅኋቸው ጥያቄ

የአማቴን ስም በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አታገኙትም። በባሌ ቤት ምራት የአማቷን ስም አትጠራም፤ ለጉ ይሉታል። ነገሩ ስም በመተው ብቻ አያበቃም። ዐይናቸውን አለማየት፣ ፊታቸው ተቀምጦ አለመብላት፣ እሳቸው ባሉበት ድምፅ ከፍ አለማድረግ፣ ይኼ ሁሉ አብሮ ይመጣል። አገሩ በልጃቸው ስም አባ ገመቹ ይላቸዋል፤ እኔ ደግሞ አባ እላቸዋለሁ። ገመቹ ባሌ ነው።

እኔ የአንገር ጉቲን ልጅ ነኝ። ወላጆቼ በዚያ በክፉው ድርቅ ጊዜ ከወሎ በሰፈራ መጥተው ቆላ ውስጥ ነው የወለዱኝ። ካደግሁ በኋላ ነቀምቴ ገብቼ ገበያው ጫፍ ላይ ፎጣና አንሶላ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ ከፈትኩ። ገመቹ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አንድ ቀን ፎጣ ሊገዛ መጣ፤ በሳምንቱ ሌላ ፎጣ ሊገዛ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። ለአንድ መኪና ስንት ፎጣ እንደሚያስፈልግ ስጠይቀው ሳቀና እውነቱን ነገረኝ። ተጋባን።

ስጋባ አንድ ነገር እፈራ ነበር። የሰፋሪ ልጅ ሥርዓት ምን ታውቃለች እንዳይሉኝ። ማንም እንደዚያ አላለኝም፤ እኔው ራሴ ነበርኩ ይሉኛል እያልኩ የምፈራው። ስለዚህ ለጉን እንደ ትምህርት ይዤ አጠናሁት። የአገሩ ሴት ልጆች ከአማቶቻቸው ጋር በስልክ እየተሳሳቁ እኔ አባ ከሚኖሩበት ከዲጋ ሲመጡ ነጠላዬን እስከ ግንባሬ ስቤ፣ ውሃ አቅርቤ፣ ጓዳ ገብቼ እቆም ነበር። ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም። የአባ እህት አዴ ጫልቱ ይህን እያዩ ለጎረቤት ሁሉ ያወሩልኛል። እንዲህ ያለች ምራት ዛሬ ከየት ይገኛል ይላሉ። እኔም ውስጤ በደስታ ይሞላል። ይህን ደስታዬን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ላይ ዋጋ ያስከፈለው እሱ ነው።

ባለፈው ዓመት ክረምት አባ ታመሙ። ዲጋ ቡናቸው መሐል ሲመነጥሩ ውለው ማታ ሆዳቸውን ቆረጣቸው። መጀመሪያ እንደ ተራ ቁርጠት ቆጠሩት። ሲነጋ ሆዳቸው ተነፍቶ ነበር፤ ወደ ታች ምንም አልሄድ አለ። ጎረቤቶች ሚኒባስ ላይ አስደግፈው ነቀምቴ አደረሱልኝ። ገመቹ ከደምቢ ዶሎ ማዶ ጭኖ ሄዶ መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ ነበር፤ ስልኩም አንዴ ይገባል አንዴ ይጠፋል። ሌላ ወንድ ልጅ የላቸውም። ስለዚህ አስታማሚዋ እኔ ሆንኩ።

ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ አንጀታቸው ተጠምዝዟል አለ። እዚያው ቀን ኦፕራሲዮን ተደረጉ። ሲወጣ ላቡን እየጠረገ የተጠመዘዘውን ክፍል ቆርጠን አውጥተን ጤነኛውን ከጤነኛው ጋር ሰፍተነዋል አለኝ። ወጣት ሰው ነው፤ ነገር አያወሳስብም። ሥራዬን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ጨርቅና ስፌት ስለምታውቂ ይገባሻል፣ አሁን ያ ስፌት እስኪጠና እንዳይወጠር መጠበቅ ነው አለ። ከዚያ ጣቱን አንስቶ አስጠነቀቀኝ።

“በአፋቸው ምንም አይገባም። ጠብታ ውሃም ቢሆን። አየር እስኪወጣቸው ድረስ። አየር ስልሽ ፈስ ማለቴ ነው። ጠይቂያቸው፤ ሲወጣ ለነርሶቹ ንገሪ።”

እኔ መሬት መሬት እያየሁ እሺ አልኩ። ፊቴ ግን ነደደ። እንደምን አደሩ ለማለት እንኳ ዐይኔን የማላነሳባቸውን ሰው እንዴት አድርጌ ነው ይህን የምጠይቃቸው?

ክፍሉ የወንዶች ነው፤ አልጋ ከአልጋ የተጠጋጋ። ከአባ ቀጥሎ ደሬሳ የሚባል የጉቴ የከብት ነጋዴ ተኝቷል። ትርፍ አንጀቱ ወጥቶለት ነበር። እሱ ማፈር የሚባል ነገር አያውቅም። እኛ በገባን ማግስት አየሩ ሲወጣ ክፍሉን ሁሉ ቀስቅሶ አበሰረ፤ ሚስቱ እልል አለች፤ የታመመውም ያልታመመውም እንኳን ደስ አለህ አለው። ሳቁ ሆድን የሚያሳምም ሳቅ ስለሆነ አንዳንዶቹ ስፌታቸውን ይዘው ነበር የሚስቁት። አባ ብቻ ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ኮሪደር ወጣሁ።

አባ የሚያሰቃያቸው ከቁስሉ ይልቅ ጥሙ ነበር። ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ። በጥጥ ውሃ ነክሬ ከንፈራቸውን አረጥባለሁ፤ እሳቸው ጥጡን በከንፈራቸው ይዘው ለመምጠጥ ይሞክራሉ። ያን ማየት ከባድ ነው። ጎረቤት አልጋ ላይ ሰው ሻይ ሲጠጣ ዐይናቸው ብርጭቆውን ተከትሎ ወጥቶ ይወርዳል። ግን ስጡኝ አይሉም። እንደዚያ ያለ ሰው ናቸው።

በአፍንጫቸው ወደ ሆዳቸው የገባውን ቱቦ ያወጡላቸው ዕለት ሐኪሙ ደህና ናቸው፣ ዛሬ ወይም ነገ አየር ይወጣል ብሎ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት አዴ ጫልቱ ከዲጋ መጡ። የተፈላ ወተት በፔርሙስ ይዘዋል። ተቀምጠው ለወንድማቸው ካለቀሱ በኋላ ለደሬሳ ሚስት ስለኔ ማውራት ጀመሩ። የሰፈራ ልጅ ናት፣ ግን ከእኛ ልጆች ትበልጣለች፣ እስከ ዛሬ ፊቱን ቀና ብላ አይታው አታውቅም አሉ። እኔ የአልጋውን ልብስ እያስተካከልኩ እሰማለሁ።

በዚህ መሐል ሲስተር ሌንሴ ገባች። የቀኑ ተረኛ ነርስ ናት። አባን በኦሮምኛ ደህና አደሩ ብላ፣ ሆዳቸውን ጫን ጫን አድርጋ፣ አየር ወጣ ወይ አለቻቸው። አባ ፈያ ዳ አሉ፤ ደህና ነኝ ማለት ነው። ደገመችላቸው። እሳቸውም ደገሙ፤ ፈያ ዳ። እኔ ከራስጌያቸው ቆሜያለሁ፤ ምራታቸው ቆማ እያለ ሌላ ምን ይበሉ? ያኔ ከክፍሉ ብወጣ ኖሮ ለሲስተሯ ይነግሯት ነበር። አንድ በር ተሻግሬ ብቆም ኖሮ ይህን ታሪክ አልጽፍም ነበር።

ሲስተር ሌንሴ ወደ እኔ ዞረች።

“እኔን አፈሩኝ መሰለኝ። ላንቺ ነግረውሻል? ወጥቶላቸዋል?”

አዴ ጫልቱ ወሬያቸውን አቁመው ያዩኛል። የደሬሳ ሚስት ታየኛለች። አልጠየቅኋቸውም ብል ሲስተሯ አሁኑኑ ጠይቂያቸው ልትለኝ ነው፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት። አባ ደግሞ ዐይናቸውን ጨፍነዋል፤ ከንፈራቸው ነጭ ሆኗል። ዛሬ ወይም ነገ ተብሏል፣ ሌሊት ወጥቶ ይሆናል፣ ትንሽ ውሃ ምን ያደርጋቸዋል ብዬ አሰብኩ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ምራቅ ለመዋጥ በሚበቃ ጊዜ ውስጥ ነው።

“አዎ፣ ነግረውኛል” አልኳት።

ሲስተር ሌንሴ ደስ አላት። በማንኪያ ውሃ ጀምሩላቸው፣ ከተስማማቸው ቀጭን ሻይ፣ ሌላውን ቀስ ብለን እናያለን አለችና ወደ ቀጣዩ አልጋ አለፈች። እኔ ማንኪያውን አነሳሁ። የመጀመሪያዋን ማንኪያ ሲውጡ ዐይናቸውን ከድነው ለረጅም ጊዜ አልገለጡም። እግዚአብሔር ይስጥሽ አሉኝ። ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ምርቃት ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

ሻይም ጠጡ። ከዚያ አዴ ጫልቱ ፔርሙሱን ከፈቱ። ቀስ በሉ ተብሏል አልኩ፤ ግን አባባሌ ለስላሳ ነበር፤ በሥርዓት የታጠፈ። ታላቅ እህት ከመንገድ ያመጣችውን ወተት ወንድም አልቀበልም አይልም። ሻይ ከወረደ ወተት ምን ይከለክለዋል አሉ። አባ አንድ ስኒ ጠጡ፤ አዴ ጫልቱ ደገሙላቸው፤ ያንንም ጠጡ። እኔ ትራሱን ደግፌ ቆሜ አየሁ።

መጀመሪያ የመጣው ስቅታ ነው። ደሬሳ ማን አነሳቸው ብሎ ቀለደ። ስቅታው ግን አልቆም አለ። ከሰዓት በኋላ ሆዳቸው ከፍ ከፍ ሲል አየሁ፤ በእጄ ስነካው እንደ ከበሮ የተወጠረ ነው። ስፌቱን አሰብኩ። አባ ዐይናቸው ፈጠጠ። እኔ ልጠራ ገና ስዞር ሽቅብ አላቸው። ወተቱ ረግቶ፣ ከአረንጓዴ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ፣ በአፍም በአፍንጫም መጣ። በጀርባቸው ነበር የተኙት። የወጣው ተመልሶ ገባና ትን አላቸው፤ ፊታቸው ጠቆረ፤ እጃቸው አየር ይቧጥጣል።

ጮህኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ አማቴ ባሉበት ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ሲስተር ሌንሴ ሮጣ መጥታ በጎናቸው ገለበጠቻቸው፤ ሌሎችም መጡ፤ ኦክስጅን መጣ፤ ያ ቱቦ ተመልሶ በአፍንጫቸው ገባ። ሐኪሙ ከሌላ ክፍል እየሮጠ ሲገባ ከቱቦው አረንጓዴው ውሃ ጫፉ ላይ ወደ ተንጠለጠለው ከረጢት እየተንዶለዶለ ነበር። እኔን ወደ ግድግዳው ገፉኝ። እዚያ ቆሜ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ገደልኳቸው፣ ገደልኳቸው። ግን በሆዴ ነው የምለው።

ትንፋሻቸው ሲመለስ ሐኪሙ ሲስተር ሌንሴን እዚያው አልጋው ሥር ያዛት። ማን ጀምሩ አለ፣ አየሩ መውጣቱን በምን አረጋገጥሽ አለ። ድምፁ ከፍ ያለ አልነበረም፤ ግን ክፍሉ ሁሉ ጸጥ ብሎ ይሰማ ነበር። ሲስተሯ ዐይኗ እንባ አቅርሮ አስታማሚዋ ናት የነገረችኝ አለች። ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ።

“ራሳቸው ናቸው የነገሩሽ?”

አፌን ከፈትኩ። አዴ ጫልቱ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። በዚህ ጊዜ አባ ኦክስጅኑን በእጃቸው ገለል አድርገው በዚያ በተሰነጣጠቀ ከንፈር ተናገሩ።

“አነቱ ጄዼ።”

እኔ ነኝ ያልኩት ማለታቸው ነው።

ሐኪሙ ትንፋሹን ለቀቀ። ሽማግሌዎች ያፍራሉ፣ ሳይወጣም ወጣ ይላሉ፣ ከእንግዲህ ራሳችን እናረጋግጣለን ብሎ ለሲስተር ሌንሴ ራሱን ነቀነቀላት። እኔን ይቅርታ ጠየቀኝ። ይቅርታ! አዴ ጫልቱ ወንድማቸውን ይወቅሱ ጀመር፤ ይህን ያህል ዕድሜ ኖረህ ከራስህ የሚወጣውን አታውቅም ወይ አሏቸው። ደሬሳ ሳቀ። ሌሎችም ፍርሃታቸው ስለለቀቃቸው ሳቁ። አባ ዐይናቸውን ጨፈኑ። በአገሩ አክብሮት ያለው፣ ሸንጎ ላይ ሲናገር ሰው ዝም የሚልለት ሰው፣ የገዛ ሆዱን የማያውቅ ሽማግሌ ተብሎ ተሳቀበት። እኔም ዝም አልኩ። ሲስተር ሌንሴ ስትወጣ አንዴ ዞር ብላ አየችኝ፤ ያወቀች መሰለኝ።

ማምሻው ላይ ሐኪሙ ከረጢቱን ሊያይ ተመለሰ። ይህ ሁሉ አረንጓዴ ከየት መጣ አልኩት፤ የጠጡት ይህን ያህል አይሞላም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ሰው ባይበላም ሆዱ ሥራ አይፈታም አለኝ። ምራቅ ይወርዳል፣ ጨጓራ አሲዱን ያመነጫል፣ ጉበት ሐሞቱን፣ ቆሽትም የራሱን ፈሳሽ ይልካል፤ በቀን ሲጠራቀም ትንሽ ጀሪካን የሚሞላ ነው። ይህ ሁሉ ምግቡን አብሮ እያሟሟ ይወርድና ትንሹ አንጀት መልሶ ይመጥጠዋል። የትንሹ አንጀት ውስጡ ልሙጥ አይደለም፤ አንቺ የምትሸጪው ፎጣ እንዳለው ያለ ጸጉር አለው አለ፤ ሥጋውም ዳቦውም ተሰባብሮ እንደ ውሃ ከቀጠነ በኋላ በዚያ ጸጉር በኩል ነው ወደ ደም የሚገባው። ጨጓራ ውስጥ የገባ ውሃ ገና ጥም አይቆርጥም፤ እዚያ ፎጣ ላይ መድረስ አለበት። የሚያደርሰው ደግሞ ራሱ አንጀቱ ነው፤ ከላይ እየጨመቀ ወደ ታች ይገፋል።

“አንጀት በእጅ ሲነካ ደንግጦ ይተኛል” አለ። “ትንሹ አንጀት ቀድሞ ይነቃል፣ ጨጓራ ይከተላል፣ ትልቁ አንጀት መጨረሻ ነው። ከታች አየር ወጣ ማለት ከላይ እስከ ታች ሁሉም ነቅቷል ማለት ነው። ሌላ መስኮት የለንም። ስለዚህ ነው የምንጠይቀው።”

ወተቱስ አልኩት። ወተት ጨጓራ ውስጥ ይረጋል፣ ከዚያ ተሰባብሮ ካልወረደ እዚያው ተቀምጦ በመጣበት ይመለሳል፣ አሁን ያሳሰበኝ ግን ሳንባቸው ውስጥ የገባው ነው አለ። ስፌቱስ ስለው ነገ እናያለን ብሎ ተነሳ። እኔ ፎጣ ስሸጥ የኖርኩ ሰው ስለ ፎጣ እየሰማሁ አለቀስኩ።

በማግስቱ አዴ ጫልቱ ፊታቸውን ሊታጠቡ ወጡ። ደሬሳን ሚስቱ ደግፋ ኮሪደር ላይ ታራምደዋለች። አልጋው አጠገብ ተንበረከክሁ። ነጠላዬን ከግንባሬ መለስ አደረግሁና አየኋቸው። የአማቴ ዐይን ማር የመሰለ ቀለም እንዳለው ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

“አባ፣ ሳልጠይቅዎ ነው አዎ ያልኳት” አልኩ በኦሮምኛ። “አንድም ቀን አልነገሩኝም። እኔ ነኝ የዋሸሁት።”

ቱቦው ድምፃቸውን አጎርንኖታል።

“ነቅቼ ነበር። አዎ ስትዪ ሰምቻለሁ። እንዳልወጣም አውቃለሁ።”

“ታዲያ ለምን ዝም አሉ?”

“ጠምቶኝ ነበር። አንቺ ቆመሽ ደግሞ አልወጣም ማለት አፈርኩ።”

“ትናንትስ ለምን በራስዎ አደረጉት?”

“ቤቴ የገባሽ ልጅ ነሽ። ሰው ፊት አላሳፍርሽም።” ትንፋሽ ለመውሰድ አረፉ። “ከእንግዲህ ግን ጠይቂኝ። አንቺ ካልጠየቅሽኝ እኔ አልናገርም፤ እንዲህ ተፈጥሬያለሁ። አሁን ጠይቂኝ።”

ያን ቃል በልቤ እንኳ ብዬው አላውቅም።

“አባ፣ ሀፉሪ በኤራ?” አልኩ። አየሩ ወጣ ወይ ማለት ነው።

“ሂን ባኔ” አሉ፤ አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደጠየቅኋቸው አላውቅም። ጠዋት ስገባ እጠይቃለሁ፤ አልጋ ሳነጥፍ እጠይቃለሁ፤ ጥጡን ስነክር እጠይቃለሁ። ደሬሳ ሊወጣ ዕቃውን እያሰረ እንኳ፣ አባ ገመቹ ዛሬስ ይል ነበር። አዴ ጫልቱ አንዴ ሰምተው ዐይናቸው ፈጠጠ፤ ዝም ብዬ ቀጠልኩ። ሐኪሙ በየዕለቱ ሆዳቸውን ያዳምጣል፤ ትኩሳታቸው ይወጣል፤ ደረታቸው ሲር ሲር ይላል፤ ስፌቱ ግን እንደያዘ ነው ይለኛል። እኔ ከቀን ወደ ቀን ሲከሱ እያየሁ፣ አለመብላታቸው ሳይሆን የእኔ በደል ነው ሰውነታቸውን የሚጨርሰው እል ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አባ በእጃቸው ጠሩኝ። ጎንበስ አልኩ።

“ኢንታለ ኮ” አሉ፤ ልጄ ማለት ነው። “አልጠየቅሽኝም።”

“በኤራ?”

“በኤራ።”

አልጋው ብረት ላይ ግንባሬን አድርጌ ተንሰቀሰቅሁ። ሲስተር ሌንሴ መጣች፤ በዚህ ጊዜ ራሷ ጠየቀቻቸው፤ አባም እኔ ቆሜ እያለሁ በግልጽ መለሱላት። ውሃ በማንኪያ ጀመርን። እያንዳንዷን ማንኪያ ከአፍ እስከ ፎጣው ድረስ በሐሳቤ እከተላት ነበር።

ገመቹ መንገዱ ተከፍቶለት ሲደርስ አባ አልጋ ላይ ቀና ብለው አጥሚት ይጠጡ ነበር። የሆነውን ራሳቸው ነገሩት፤ እኔ ተሳስቼ ወጣ ብዬ አስቸገርኩ አሉት። ገመቹ እኔን አመሰገነኝ። አሁንም ዝም አልኩ።

ስፌቱ ዳነ። ሳንባቸው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ሳሉ አብሯቸው ቀረ። ዲጋ ቤታቸው ላይ ያለውን ዳገት ድሮ ማሳቸውን ሊያዩ ሲወጡ ከእኛ ይቀድሙ ነበር፤ አሁን ግማሹ ላይ ቆመው ድንጋይ ይፈልጋሉ። ቡናውን ለሰው ሰጡ። ሰው ይህ ሳል ምንድን ነው ሲላቸው የዲጋ ብርድ ነው ይላሉ።

ታሪኩም የቤቱ ጨዋታ ሆነ። አዴ ጫልቱ በእንቁጣጣሽ አወሩት፤ በመስቀል ደግመው አወሩት። የወንድማቸውን ፈያ ዳ አባባል ያስመስላሉ፤ ልጆቹ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ይስቃሉ። አባም አብረው ይስቃሉ፤ ከዚያ ሳላቸው ይነሳል። እኔ ሳህን ይዤ ጓዳ እገባለሁ። ለሲስተር ሌንሴ ሆስፒታል ድረስ አንድ አንሶላና ጥሩ ጥሩ ፎጣዎች ወስጄላት ነበር። ሳትከፍተው ሳመችኝና ለሌላ ሕመምተኛ ስጪ አለችኝ።

የምታነቡኝ ሆይ፣ ሥርዓቱን እየወቀስኩ እንዳይመስላችሁ። ለጉ ውስጥ ብዙ ፍቅር አለ፤ አባ በዚያ ቱቦ ሥር ሆነው የከለሉኝ በዚያው ሥርዓት ነው። እኔ ግን ለጉን ለአማቴ ሳይሆን ለስሜ ነበር የምጠብቀው። ጎበዝ ምራት መባሉን ከሰው ሕይወት አስበለጥሁት። ሰው ስታስታምሙ ሆዱን፣ ሽንቱን፣ አየሩን ጠይቁ። ካፈራችሁ ውጡና ሌላ ሰው ይጠይቅላችሁ። እኔ ጥያቄው ነውር መስሎኝ ነበር፤ ነውሩ ሳላውቅ አውቃለሁ ማለቴ ነው። ይህን ለመጻፍ ቀላል ነው። በቤት ውስጥ መናገሩ ነው ያቃተኝ።

ዘንድሮ ለገና ዲጋ ተሰበሰብን። አዴ ጫልቱ ምግቡ ከተነሳ በኋላ ጀመሩ፤ ሲስተሯ ገብታ ስትጠይቀው ከሚለው ላይ ደርሰዋል። አባ ገና ከአሁኑ ፈገግ ብለዋል። እኔ እጅ ማስታጠቢያውን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

“አባ አልነገሩኝም ነበር” አልኩ። “ሳልጠይቃቸው ነው ለሲስተሯ አዎ ያልኳት። ጎበዝ ስትሉኝ እየሰማሁ ነበር፤ እንዳላፍር ብዬ ነው። ይህን ሳል የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።”

ሳቁ እዚያው ተቆረጠ። ገመቹ አየኝ፤ ቀጥሎ አባቱን አየ። አዴ ጫልቱ ወደ ወንድማቸው ዞረው እውነት ነው ወይ አሉ።

“እኔም ሰምቼ ዝም ብያለሁ” አሉ አባ። “ሁለታችን ነን።”

ከዚያ ሳሉ ያዛቸው፤ ረጅም ሳል ነበር፤ እስኪያበቃ ጠበቅን። ገመቹ ያን ማታ አላናገረኝም። በማግስቱም ብዙ አላናገረኝም። አዴ ጫልቱ ደግሞ ስለኔ ለጎረቤት ማውራት ተዉ። አልፈርድባቸውም።

አባ ክረምቱ ሳይገባ ነቀምቴ እኛ ጋ መጥተዋል፤ ዳገቱ ከበዳቸው። ያ ታሪክ አሁን በቤቱ አይወራም። ጠዋት ሳላቸውን ከጓዳ ስሰማ ውሃ ይዤ እገባለሁ፤ ነጠላዬ ትከሻዬ ላይ ነው። እንዴት አደሩ ብዬ ብቻ አልመለስም። ደረትዎስ፣ ሆድዎስ እላለሁ። ይነግሩኛል።